የአንድ ቀን መንገድ

መንዝ ካለችው መንደራችን ከቀየት የወጣሁበት ዋዜማ ኅዳር ነበር፤ ውርጩ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቆነጥጣል። በጎቹ ገብተዋል፣ በሩ ተዘግቷል፣ ሁላችንም የበግ ጠጉር ባናችንን ተከናንበን እሳት ከበናል። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ያንን ብርድ ታማርሩት ይሆናል። እኔ ይህን የምጽፈው ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ነውና ያንን ብርድ ለአንድ ሌሊት የሚያበድረኝ ባገኝ እግሩን እስመው ነበር።

አባቴ ቄስ ሀብተ ማርያም ከራት በኋላ ጸሎታቸውን ጨርሰው ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲህ ንገሪኝ፤ ይህ የምትሄጂበት አገር ስንት ቀን መንገድ ነው?»

ይህን ጥያቄ ስፈራው ነበር የሰነበትኩት። አዲስ አበባ በምሠራበት የአይሮፕላን ድርጅት ቢሮ ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል። እኛ በምሥራቁ በኩል ነን። አክራ፣ የጋና ዋና ከተማ፣ በምዕራቡ ጫፍ መሬቱ አልቆ ባሕሩ የሚጀምርበት ቦታ ናት። በመካከል ያለው ሁሉ አፍሪካ ነው። ይህን ለአባቴ እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? በየቀኑ ለመንገደኛ የምናገረውን ነገርኳቸው።

«ጠዋት ተነሥቼ ማታ እገባለሁ፣ አባባ።»

«በዚያው ቀን?»

«በዚያው ቀን።»

«መንገድ ላይ አታድሪም?»

«አላድርም።»

አባቴ ተንፈስ አሉና ሳቁ። ወደ እናቴ ዞረው፣ «ሰማሽ? አስካለ እንኳ ከመርሐ ቤቴ ስትመጣ መንገድ ታድራለች» አሏት። አስካለ ታላቅ እህቴ ናት፤ ዓለም ከተማ አጠገብ ተድራ ነው የምትኖረው። ወደ እኛ ለመምጣት ያንን የቆላ ገደል ወርዳ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ እንደገና ደጋውን መውጣት አለባት።

እናቴ አልሳቀችም። በሶውን በቅቤ እያሸች የስንቅ ጭኮ ትሠራ ነበር።

«ባሕር አለበት?» አለች።

«ባሕሩ ዳር ነው እማዬ፤ እኛ ግን አንሻገረውም።»

«እንግዲያ ደግ» አለች፤ ፊቷን ግን ከገበታው ላይ አላነሣችም። ማታ ለሚገባ ሰው ያን ሁሉ ስንቅ ምን ያደርግለታል ብለው አባቴ ቢቀልዱባትም ቅሉን እስካፉ ሞላችው።

እዚህ ላይ እንዴት ለዚህ እንደበቃሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን ያለው አጎቴ በልጅነቴ ወስዶ አስተማረኝ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ሄጄ እንግሊዝኛና ታይፕ ተማርኩ፤ ከዚያ የአይሮፕላን ትኬት ከሚቆርጡት ሴቶች አንዷ ሆንኩ። ድርጅቱ ወደ ምዕራብ አፍሪካ መብረር ሲጀምር አክራ ላይ የሚቀመጥ ሰው ፈለጉ። ሌሎቹ ባል ነበራቸው፣ ልጅ ነበራቸው፣ እጮኛ ነበራቸው። እኔ የነበረኝ ታናሽ ወንድሜ ተክሌ ነው፤ ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት የገባው በእኔ ደመወዝ ነበር። አክራ ደግሞ የተሻለ ይከፈላል። እሺ አልኩ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ተክሌ በቅሎዋን ጫነልኝ። አባቴ በመስቀላቸው ባረኩኝ፤ እናቴ እስከ አጥሩ ጥግ ሸኘችኝና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች። እንግዲህ የአንድ ቀን መንገዴን ስጀምር በመጀመሪያው ቀን የደረስኩት ዘመድ ቤት ነው። ከዚያ ደግሞ ሌላ ዘመድ ቤት አደርን። ደብረ ብርሃን ስንገባ እግሬ ተልጦ ነበር። አውቶቡሱ ጎማው ፈንድቶ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሜዳ ላይ ተቀመጥን። አዲስ አበባ ስደርስ ልብሴ ሁሉ አቧራ ነው።

አይሮፕላኑ ግን እንዳልኩት ነበር። ማለዳ ተነሣን። ከደመናው በላይ ስንወጣ ቁልቁል አየሁ፤ ያንን ሁሉ ገደል፣ ያንን ሁሉ ሸለቆ፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲወርድና ሲወጣ የሚኖርበትን፣ በመስኮቱ ውስጥ በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። ካርቱም ላይ በሩ ሲከፈት ትኩስ አየር እንደ ምድጃ ፊቴን መታኝ። ከዚያ ወዲያ አሸዋ ነው፤ ብትተኙ አሸዋ፣ ብትነቁ አሸዋ። ከዚያ አረንጓዴ ጫካ፣ ከዚያ ሌጎስ፣ ከዚያ አክራ። ወደ ምዕራብ ስለምንሄድ ፀሐይዋ አብራን ትሮጥ ነበርና ስንወርድ ገና አልጠለቀችም። አባባ ቢያዩ ይደነቁ ነበር ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ሆዴ ባባ፤ ምክንያቱም የእኔ ሰዓት መሽቷል እያለኝ ነበር፣ አገሩ ደግሞ አልመሸም ይለኛል።

ጉምሩክ ላይ አንድ ረጅም መኮንን ቅሉን ከፈተና አሸተተ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ምግብ ነው። ገብስ ነው፤ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤ የታሸ።»

«መድኃኒት አይደለም?»

«ለሚርበው ሰው መድኃኒት ነው።»

በጣቱ ጫፍ ቆንጥሮ ቀመሰና ረጅም ጊዜ አላመጠ። «ስኳር የለውም።»

«የለውም።»

«በርበሬስ?»

«የለውም።»

በሐዘኔታ አየኝ። «እህቴ፣ እንኳን ወደ አገራችን መጣሽ» አለና ማኅተሙን መታልኝ። «አክዋባ» ማለት እንኳን ደህና መጣሽ ማለት መሆኑን ከዚህ ሰው ተማርኩ።

ቤት ያከራየችኝ አንቲ ኤፉዋ የምትባል ወፍራም ባልቴት ነበረች። አንቲ ማለት እንደ እኛ እትዬ ማለት ነው። ደግ ናት፤ ደግነቷ ግን ሁሉ በምግብ በኩል ነው የሚመጣው። ፉፉ ታመጣለች፤ ካሳቫ የሚባል ሥር ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ እንደ ሊጥ የተድቦለቦለ ነው፤ አይታኘክም፣ ይዋጣል። ኬንኪ ታመጣለች፤ የቦቆሎ ሊጥ ቦክቶ በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ። ኬንኪን መጀመሪያ ስቀምሰው ኮምጣጣነቱ የእንጀራ ዘመድ መሰለኝና እንባዬ መጣ። አንቲ ኤፉዋ በርበሬው ነው ብላ ውኃ አቀረበችልኝ።

ረቡዕና ዓርብ ሥጋውንም ዓሣውንም ስመልስባት ጊዜ ግን ተቀየመች።

«ሆድሽን ያምሻል?»

«አያመኝም። ጾም ነው።»

«ባለፈው ረቡዕም ጾም ነው ብለሽኛል።»

«ሁልጊዜ ረቡዕ ጾም ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እስክሞት።»

ሳህኑን አንሥታ ሄደች። በማግሥቱ ለጎረቤቶቿ ስትናገር ሰማኋት፤ ያቺ የሐበሻ ልጅ አገሯ ውስጥ አንድ ከባድ ጥፋት አጥፍታ ቅጣቷን እየፈጸመች ነው ብላቸዋለች። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ በርኅራኄ ሰላም ይለኝ ነበር።

ሥራዬ ከባንኮኒ ጀርባ መቆም ነው። መንገደኛው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ እስከዚያ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ካርቱም፣ አዲስ አበባ፣ ካይሮ፣ ሁሉንም በቃሌ እላለሁ። ሰዎቹ ደስ ይላቸዋል። ዓለም ጠበበች እኮ ይላሉ። እኔም ፈገግ እላለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ዓለም አልጠበበችም፤ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አጎበር፣ ከውጭ የማያቋርጥ የባሕር ድምፅ። አማርኛ እንዳይጠፋብኝ ብዬ አይደለም፣ ዝምታው ስለከበደኝ ለድስቱም ለመጥረጊያውም አማርኛ እናገር ጀመር።

አይሮፕላናችን የሚመጣው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ያን ቀን ማለዳ ተጥቤ፣ ለብሼ እጠብቃለሁ። የአገሬ ልጆች ወርደው ሻይ እስኪጠጡ ድረስ አማርኛ እሰማለሁ። «አዲስ አበባ ዘንቧል? ብርድ ነው?» እላቸዋለሁ። «ምን እሷ ሁልጊዜ ስለ ብርድ ትጠይቃለች» ብለው ይስቁብኛል። የዕቃ ክፍሉ ሲከፈት ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል። እኔ ሥራ ያለኝ መስዬ እዚያ እቆማለሁ። አንዱ መካኒክ፣ «ይህ የሰማይ ቅዝቃዜ ነው እንጂ የአዲስ አበባ አይምሰልሽ» አለኝ። ያውቃል ማለት ነው። ቢሆንም ቆምኩ።

ጥምቀት መጣና አለፈ። ከዚያ የአባቴ ደብዳቤ በተክሌ እጅ ተጽፎ ደረሰኝ። ከሰላምታው ቀጥሎ፣ «ለጥምቀት ጠብቀንሽ ነበር፤ ቢያመልጥሽ ነው ብለን ለፋሲካ እንጠብቃለን» ይላል። ፋሲካም አለፈ፤ ሌላ ደብዳቤ መጣ። «አስካለ ልጅ አዝላ፣ ወንዝ ተሻግራ መጣች። አንቺ ግን የአንድ ቀን መንገድ ሆኖ ሳለ አልመጣሽም።»

ጻፍኩላቸው። አይሮፕላኑ በሳምንት አንዴ ነው፣ ሠራተኛ የሚሄደው ባዶ ወንበር ሲገኝ ነው፣ ዓመት ሳልሞላ ፈቃድ የለኝም፣ ፈቃድ ባገኝም ከአዲስ አበባ ቀየት ደርሶ መመለሻው ፈቃዱን ይበላዋል አልኩ። መልሱ ሲመጣ አጭር ነበር። «የአባትሽን ቤት ለመርገጥ ፈቃድ የሚሰጥሽ ማን ነው? ሰው ከሩቅ አገር ሲቀር መንገዱ ነው ይባላል። ከአንድ ቀን መንገድ የቀረ ግን ልቡ ነው የቀረው።»

ይህን አንብቤ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ለማን ላሳይ? አንቲ ኤፉዋ ዘንድ ሄጄ ቁጭ አልኩ። «ምን ሆንሽ?» አለች። «አባቴ ቅርብ ነሽ ብለው ተቆጡኝ» አልኳት። እሷም ያልገባት ነገር ሲሆን እንደምታደርገው ዓሣ ጠብሳ ሰጠችኝ፤ ቀኑ ረቡዕ አልነበረምና በላሁ።

ዓመት ሞላኝ። ለፋሲካ ልሄድ ፈቃድ ጠይቄ፣ ጓዜን ሸክፌ፣ አይሮፕላኑ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ወንበሩ ሁሉ ሞላ። የጣቢያው አለቃ አቶ ሰይፉ፣ የጎንደር ሰው ናቸው፣ ደንብ አክባሪ ቢሆኑም ክፉ አይደሉም፣ «የሚቀጥለው ሳምንት ትሞክሪያለሽ» አሉኝ። የሚቀጥለው ሳምንት ፋሲካ አልፏል። ተውኩት። ወደ ቤት አልጻፍኩም። ምን ብዬ ልጻፍ?

በሐምሌ ነው ስልኩ የተደወለው። ከሰዓት በኋላ ባንኮኒው ላይ አንድ ነጋዴ ሻንጣውን እያስመዘነ ሳለ ከቢሮው ጠሩኝ፤ ከአዲስ አበባ ነው አሉ። ያን ጊዜ ከአክራ አዲስ አበባ የሚደወል ስልክ በለንደን በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው ይሉን ነበር፤ ድምፁ ፈረንጅ አገር ደርሶ፣ ተመልሶ፣ ዝሎ ነው የሚገባው። የደወለችው በላይነሽ ናት፤ አዲስ አበባ አብረን እንሠራ የነበርን ጓደኛዬ።

«ዘነቡ፣ አትደንግጪ» አለች። ሰው እንዲህ ሲላችሁ አትደነግጡም እንዴ? «አባትሽ እዚህ አይሮፕላን ማረፊያው ናቸው። ወደ አንቺ ልሄድ ነው ብለው መጥተዋል።»

 በላይነሽ የሆነውን ነገረችኝ። አባቴ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ጃንጥላ ይዘው፣ ስንቃቸውን በአቁማዳ አንጠልጥለው ከማለዳ ጀምሮ መጥተዋል። ፓስፖርት የሚያየው ሹም መጀመሪያ ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ። ከዚያ ተቀምጦ፣ «አባ፣ ፓስፖርትዎን?» አላቸው።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ማን መሆንዎን የሚገልጽ ደብተር ነው።»

«እኔ ቆሜ ሳለሁ ስለ እኔ የሚናገረው ደብተሩ ነው?»

«ሕጉ ነው፣ አባ። ቪዛም ያስፈልጋል። ያ ማለት የዚያ አገር መንግሥት እንዲገቡ መፍቀዱ ነው።»

«የዚያ አገር መንግሥት መች ጠራኝ? እኔ የምሄደው ልጄ ዘንድ ነው። አድሬ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ነው መንገዱ።»

ሹሙ አንገቱን ደፋ። አባቴ አልተንቀሳቀሱም። ሰልፉ በኋላቸው ተከማቸ። በመጨረሻ በላይነሽ የእኔን ስም ሲጠሩ ሰምታ ወሰደቻቸው።

«እስካሁን እህል አልቀመሱም» አለችኝ። «ስጡኝና ላናግራት ነው የሚሉት።»

እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የያዘኝ። ሐምሌ ነው። በሐምሌ ወንዙ ሁሉ ሞልቷል፣ ጭቃው በቅሎ ይውጣል፣ ገበሬው ከማሳው አይለይም። በሐምሌ ለሰላምታ የሚወርድ መንዜ የለም።

መስሚያውን ሰጠቻቸው። ሰው ከተራራ ወዲያ ማዶ ሲጠራ እንደሚጮኸው የአባቴ ድምፅ መጣ።

«ዘነቡ!»

«አቤት አባባ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። እርስዎ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ተክሌም ደህና ነው፣ አስካለም ደህና ናት። ገብሱ ጥሩ ይዟል።»

«እማዬስ?»

ድምፁ እየዞረ ስለሚመጣ መልስ ይዘገያል። ይህ ግን ከዚያ የበለጠ ዘገየ።

«እሷ አሁን ደህና ናት» አሉ።

አሁን። ይህች አንዲት ቃል በለንደን ዞራ መጥታ ጆሮዬ ውስጥ ገባች። 

«አባባ፣ ምን ሊነግሩኝ ነው የመጡት?»

«ነገሩ የአፍ ለአፍ ነው፣ ልጄ። በሽቦ የሚነገር አይደለም። እመጣለሁ ብዬ ነበር፤ ከለከሉኝ።»

«እኔ እመጣለሁ» አልኳቸው። «እዚያው ይጠብቁኝ።»

«እጠብቃለሁ።»

እናንተ ታውቁታላችሁ። መርዶ በወረቀት አይጻፍም፣ በሽቦ አይላክም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ሰውየው ከአልጋው ሳይነሣ ነው የሚነገረው፤ የሚደግፈው ሰው እንዲኖር። አባቴ ይህን ለማድረግ ነው በዚያ ክረምት፣ በዚያ ዕድሜያቸው የመጡት። የአንድ ቀን መንገድ ነው ስላልኳቸው።

ወደ ባንኮኒው ተመለስኩ። ነጋዴው እየጠበቀኝ ነበር። «እስከ ካርቱም ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። ነገርኩት።

አቶ ሰይፉ ፊቴን አይተው ምንም ሳይጠይቁ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ፈረሙልኝ። «ወንበር ባይኖር ከአብራሪዎቹ ኋላ ትቀመጫለሽ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ» አሉ። አይሮፕላኑ እስኪመጣ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኩ አላውቅም። ላልተነገረኝ ሞት ማልቀስ አልችልም፤ ሥራ ገባሁ፣ ወጣሁ። አንቲ ኤፉዋ ሌሊቱን ከክፍሌ አጠገብ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ አደረች። ምግብ ግን አላመጣችም።

ስመለስ ፀሐይዋ በተቃራኒው ወደ ኋላችን ሸሸችና ቶሎ መሸ። አዲስ አበባ ስወርድ ዝናብ ነበር፤ ብርዱ በእጅጌዬ ገባ። ያንን ሁሉ ጊዜ የናፈቅኩት ብርድ ነው፤ ደስ ግን አላለኝም። በላይነሽ ጉለሌ የአክስቴ ልጅ ቤት አደረሰችኝ። አባቴ ብድግ ብለው ሳሙኝ። ከስተዋል። ተክሌም ነበር፤ ዓይኔን አላየኝም። ራት ቀረበ። ሁሉም ስለ መንገዱ፣ ስለ አይሮፕላኑ፣ ስለ ጋና ሰዎች ጠየቁኝ። እኔም የበሶውን ነገር፣ የጉምሩኩን ሰውዬ ነገርኳቸው፤ ሳቁ። እናቴን የጠራት የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እነሱ እንደማላውቅ ሆነው፣ እኔም እንዳላወቅኩ ሆኜ እንጀራውን ዋጥኩ። አባቴ ነገሩን በወጉ እንዲነግሩኝ ከዚህ በላይ ላደርግላቸው የምችለው ነገር አልነበረም።

ሊነጋጋ ሲል የበሩ ድምፅ ተሰማ። ዘመዶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አባቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጄን ያዙ።

«እናትሽ በሰኔ ዐረፈች» አሉ። «ደረቷን አሟት ነበር። ቆርባ ነው የሄደችው። ቀብሯ አምሯል።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ሴቶቹ ደገፉኝ። ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ሁሉ ደክሞት ዝም ሲል አባቴ አጠገቤ ቀሩ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉ። «ረሳችን፣ አንድ ቀን መንገድ እየሆነ ቀረች ስል እናትሽ ትሰማኝ ነበር። ታማ ተኝታ ሳለ እንደገና አልኩት። ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? ‹አንድ ቀን ነው አለች እንጂ ቅርብ ነው መች አለች?› አለችኝ። እኔ አልገባኝም ነበር። ያ ሹም እስኪመልሰኝ ድረስ አልገባኝም ነበር።»

«አባባ፣ አልተቀየምኩም።»

«እኔ ነኝ የተቀየምኩት» አሉ። «መንገዱን እኔ እንደማውቀው መስሎኝ።»

መቃብሯን ለማየት አብረን ተነሣን። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ድረስ ዝናቡ አላባራም። እዚያ ከመንዝ የወረዱ ነጋዴዎች አገኘን፤ አባቴ ሲመጡ ሁለት ሌሊት ዳሩ ላይ ያደሩበት ወንዝ ይብሱን ሞልቷል፣ ሰው እየጠበቀ ነው አሉን። አባቴ ጥቂት አሰቡ። እኔም አሰብኩ። አይሮፕላኑ በሳምንቱ መጨረሻ ይነሣል፤ ካመለጠኝ ሥራው ለሌላ ሰው ነው፣ ተክሌም ከትምህርቱ ይወጣል። ከአክራ ደብረ ብርሃን ደርሻለሁ። የቀረኝ ያቺ ከልጅነቴ ጀምሮ በእግሬ የማውቃት ቁራጭ መንገድ ናት፤ እሷ ናት ያልሆነችልኝ።

«ተመለሽ» አሉኝ አባቴ። «መቃብር አይሄድም፣ ይጠብቃል።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ምን ቸኮልኩ? ወንዙ ዳር አድራለሁ።»

ጉልበታቸውን ሳምኩ። ባረኩኝ። ከገበያው ወዲያ ባለው ሜዳ በቅሎዋን እየሳቡ ሄዱ፤ ጉሙ ሲውጣቸው ተክሌ ክንዴን ይዞኝ ነበር።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። አክራ ነኝ። በመካከሉ አንድ ጊዜ ፈቃድ አግኝቼ ነበር፤ ያኔም ሐምሌ ሆነ። አሁን ኬንኪ ያለ በርበሬ አይጥመኝም። የአንቲ ኤፉዋ የልጅ ልጆች አንቲ ዘነቡ ይሉኛል፤ ረቡዕ ሲሆን ዓሣ እንዳይቀርብልኝ እነሱ ናቸው የሚከላከሉልኝ። ሃርማታን የሚሉት ነፋስ ከበረሃው ሲመጣ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይበርዳል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሹራብ ፍለጋ ሲሯሯጥ እኔ ደጅ እወጣለሁ።

ባለፈው ጥር አባቴ ለተክሌ ስንቅ ይዘው ደብረ ብርሃን ወረዱ። ተክሌ ቀኑን አስቀድሞ ነግሮኝ ነበርና ስልክ ቤት ወስዷቸው አገናኘን። የተሰጠን ጊዜ አጭር ነው። እኔ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ዓይናቸው ልጠይቅ ነበር፤ እሳቸው ግን አስቀድመው ጀመሩ። ውርጩ ዘንድሮ ባቄላውን እንደመታው፣ አስካለ ሴት ልጅ እንደወለደች፣ እናቴ መቃብር ላይ የተከሉት ጽድ ከጉልበታቸው በላይ እንደሆነ፣ በጎች እንዳይበሉት በእሾህ እንዳጠሩት ነገሩኝ። ድምፃቸው ዛሬ አልጮኸም፤ እሳት ዳር ተቀምጠን እንደምናወራ አድርገው ነው የሚናገሩት። እኔ አቤት፣ አቤት እላለሁ። ከዚያ፣ «በይ እንግዲህ ልመርቅሽ» አሉ። «እግዚአብሔር በወጣሽበት...» ሲሉ ኦፕሬተሯ ጊዜው አልቋል አለች። መሥመሩ ተቆረጠ።

ተክሌ በኋላ ጽፎ ነገረኝ። አባቴ መቆረጡን አላወቁም። መስሚያውን በግራ እጃቸው፣ መስቀሉን በቀኝ እጃቸው ይዘው ምርቃቱን እስከ መጨረሻው አደረሱት፤ ከዚያ አባታችን ሆይ ደገሙ። ስልክ ቤት ያለው ሰው ሁሉ፣ ተራ የሚጠብቀውም፣ ቆሞ ዝም አለ። የሚነግራቸው አልተገኘም።

እኔም ወዲህ ማዶ መስሚያውን አላወረድኩም ነበር። ምንም አይሰማም። ቢሆንም ያን ያህል ጊዜ ቆሜያለሁ።